የተማሪዎች ሮቦትና አዲሱ መቆጣጠሪያው

(በራዲዮ ከተነገረ)



ዛሬ ልናስረዳችሁ የተነሣንበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገሩ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከብረትና ከፕላስቲክ፣ ከሞተርና ከሽቦ አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ሠርተው፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር በሜዳ ላይ ስለሚገጥሙበት ውድድር ነው። ይህን መሣሪያ ዓለም በሙሉ ሮቦት ብሎ ይጠራዋል። ቃሉን ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ የነበረው ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ቴአትር ሲሆን፣ መነሻው በቼክ ቋንቋ የግዴታ ሥራ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ የሚቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።)

ጉዳዩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ለመውሰድ ባልደፈርን ነበር። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግዥ የምትፈቅዱት፣ በጀት የምትደለድሉት፣ የንብረት ክፍል ቁልፍ የያዛችሁት፣ ልጆቻችሁንም ወደ ትምህርት ቤት የምትሰዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ አንጎል የሆነው መቆጣጠሪያ ምን እንደ ሆነ፣ ባለፉት ዓመታትስ ምን እንደ ተለወጠበት ማወቁ ይጠቅማችኋል። ለውጡ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚገኝ፣ ለምሳሌ በመካነ ሰላም ወይም በሳይንት ደጋ ላይ ላለ ትምህርት ቤት፣ ከዚህ በፊት ተዘግቶ የነበረ በር ይከፍታል። ሆኖም በሩን ሣጥኑ ራሱ አይከፍተውም፤ የሚከፍተው ሰው ነው። ይህንንም ከንግግራችን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ስለ ውድድሩ ጥቂት እንበል። በ1989 ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ ፈልሳፊ «ፈርስት» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ወጣቶች ኳስ ተጫዋችን እንደሚያደንቁ ሁሉ የሳይንስንና የምህንድስናን ሥራም እንዲያደንቁ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ 28 ቡድኖች የተካፈሉበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በየዕድሜው ተከፋፍሎ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በ2017 ደግሞ ከየአገሩ አንድ ቡድን የሚጠራበት «ፈርስት ግሎባል» የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በዋሽንግተን ተጀመረ። በዚያ ዓመት ከ150 በላይ አገሮች ተሰብስበዋል። በዚህ ውድድር ሀብታሙም ድኻውም አገር አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ይላክለታል፤ ልዩነቱ የሚታየው ሣጥኑን በከፈቱት ልጆች አሳብና ትጋት ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ውድድር ከተካፈሉት አገሮች መካከል ናት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን ለመረዳት ከላቦራቶሪ ይልቅ ወደ እርሻ መሄድ ይቀላል። የቦረና ወይም የሳይንት ገበሬ በተዳፋት ማሳ ላይ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ተመልከቱት። ዓይኑ ከትልሙ አይነሣም። ማረሻው ከድንጋይ ሲጋጭ ግጭቱ በዕርፉ በኩል ወደ እጁ ይደርሳል። ትልሙ ወደ ቁልቁለቱ መሸሽ ሲጀምር ያያል። ያየውንና በእጁ የተሰማውን በልቡ ካሰበው ቀጥ ያለ ትልም ጋር ያመዛዝናል፤ ወዲያውም ዕርፉን ያቀናል፣ ወይም በሬውን በስሙ ጠርቶ ወደ ላይ ያስጠጋዋል። ካቀናም በኋላ ሥራው አያልቅም፤ ያቀናው በእርግጥ መቅናቱን እንደ ገና ይመለከታል። ይህ ማየት፣ ማመዛዘን፣ ማዘዝና መልሶ ማየት ከጧት እስከ ማታ ሳያቋርጥ ይዞራል።

የሮቦት መቆጣጠሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዓይንና በእጅ ፈንታ ሴንሰር የሚባሉ ጠቋሚ መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ርቀትን ይለካል፣ አንዱ ቀለምን ይለያል፣ አንዱ መነካትን ያስታውቃል፣ አንዱ ደግሞ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ይቈጥራል። በገበሬው ልብ ፈንታ ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም አለ። በበሬዎቹ ጉልበት ፈንታ ሞተር አለ። መቆጣጠሪያ የምንለው ሣጥን እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኝና ዙሩን በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋግም አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ስሌት እንመልከት። አንድ ቡድን ሮቦቱ በትክክል 1 ሜትር ወደ ፊት ሄዶ እንዲቆም ይፈልጋል እንበል። የሞተሩ ቈጣሪ በአንድ ዙር 28 ምልክት ይሰጣል። በሞተሩና በጎማው መካከል ያለው ጥርስ ደግሞ ሞተሩ 20 ጊዜ ሲዞር ጎማውን አንድ ጊዜ ያዞራል። ስለዚህ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 28 ሲባዛ በ20፣ ማለት 560 ምልክት ይቈጠራል። የጎማው ወርድ ከዳር እስከ ዳር 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው ወደ 283 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1 ሜትር ለመሄድ ጎማው ሦስት ዙር ተኩል ያህል መዞር አለበት፤ ምልክቱም ወደ 1,980 ይጠጋል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክብ ዙሪያ ስሌት እዚህ ላይ ከደብተር ወጥቶ መሬት ላይ ሲሽከረከር ይታያል።

ነገር ግን ተማሪው «1,980 እስኪሞላ ድረስ በሙሉ ጉልበት ዙር፣ ከዚያ ቁም» ብሎ ቢያዝ ሮቦቱ ከምልክቱ አልፎ ይሄዳል። የሚሮጥ ነገር በድንገት አይቆምምና። ስለዚህ ብልህ ተማሪ ሌላ ሕግ ይጽፋል፤ ይኸውም የቀረው መንገድ ብዙ ሲሆን ብዙ ጉልበት፣ ጥቂት ሲሆን ጥቂት ጉልበት ስጥ የሚል ነው። ጥሩ ሹፌር ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቀርብ ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ማለት ነው። ይህ ሕግ በፋብሪካ ውስጥ የእቶንን ሙቀት፣ በግድብ ላይ የተርባይንን ፍጥነት፣ በአውሮፕላን ላይ የክንፍን አቋም ከሚጠብቀው ሕግ ጋር አንድ ዘር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ በአሻንጉሊት መሰል መሣሪያ ላይ የተረዳው ልጅ በሠላሳ ዓመቱ በእውነተኛው ተርባይን ፊት ሲቆም እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ደግሞ ሣጥኑ በጊዜ ብዛት እንዴት እንደ ተለወጠ እንይ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚወዳደሩበት በመካከለኛው የፈርስት ውድድር እስከ 2015 ድረስ የሮቦቱ አንጎል የዴንማርክ አሻንጉሊት ፋብሪካ ሌጎ የሠራው አነስተኛ ኮምፒዩተር ነበር። ለልጆች የተመቸ ቢሆንም ጉልበቱ ትንሽ ነበር። ስለዚህ በ2015 በምትኩ ሁለት የእጅ ስልኮች ገቡ፤ አንደኛው በሮቦቱ ላይ ታስሮ እንደ አንጎል ሲያገለግል፣ ሁለተኛው በነጂዎቹ እጅ ሆኖ ትእዛዝ ያስተላልፍ ነበር። በ2017 ደግሞ ሞተሮቹና ሴንሰሮቹ የሚሰኩባቸውን ብዙ ትንንሽ ሣጥኖች በአንድ ላይ ያጠቃለለ አዲስ መገናኛ ሣጥን መጣ። ስልኩ ግን ገና አልቀረም ነበር፤ ከሣጥኑ ጋር የሚገናኘውም በአንዲት ቀጭን ገመድ ነበር።

ችግሩ የመነጨው ከዚያች ገመድ ነው። ሮቦት ይጋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳ ይገፋል። ገመዷ ከሶኬቷ ጥቂት ስትነቃነቅ አንጎሉ ከእጅና ከእግሩ ይለያያል፤ ሮቦቱም በሜዳው መካከል ቀጥ ብሎ ይቀራል። ወራት የደከሙ ልጆች በአንዲት ገመድ መነቃነቅ ተሸንፈው ከሜዳ ሲወጡ ማየት ቀላል አይደለም። ከዚህም የባሰው፣ ልጁ ስሕተቱ በፕሮግራሙ ይሁን በሽቦው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ከሽንፈቱ የሚማረው ነገር ማጣቱ ነው።

በ2019 በጥቂት የአሜሪካ አካባቢዎች ተሞክሮ በ2020 ለሁሉም የተፈቀደው «ኮንትሮል ሃብ» የተባለ መቆጣጠሪያ ይህን ችግር ያስወገደው ስልኩንና መገናኛ ሣጥኑን በአንድ ገላ ውስጥ በማዋሐድ ነው። ሣጥኑ ከእጅ መዳፍ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። አራት ሞተሮች፣ እንዲሁም እንደ ሰው አንጓ በታዘዘው ማእዘን ዞረው የሚቆሙ ስድስት ሰርቮ ሞተሮች ይሰኩበታል። የርቀት፣ የቀለምና የመነካት ሴንሰሮች የየራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ሮቦቱ ወዴት እንደ ዞረና እንዳዘነበለ የሚያስታውቀው መሣሪያ ደግሞ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። በ2021 በነጂዎቹ እጅ የነበረውም ስልክ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በተሠራ የስክሪን ሰሌዳ መተካት ጀመረ።

በዚህም ላይ አንድ ሌላ ለውጥ ተከትሏል። በፈርስት ታላቁ ውድድር፣ ከባዱ ሮቦት በሚሠራበት ክፍል፣ ከ2015 ጀምሮ ያገለገለው «ሮቦሪዮ» የተባለ ከታናሹ ፈጽሞ የተለየ መቆጣጠሪያ ነው። ከታናሹ ወደ ታላቁ የሚያልፍ ተማሪ አዲስ መሣሪያና አዲስ አሠራር እንደ ገና መማር ነበረበት። ድርጅቱ ይህን አይቶ ሁለቱን ውድድሮች ወደ አንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ ለማምጣት ወሰነ፤ «ሲስተምኮር» የተባለው አዲስ ሣጥን በታላቁ ውድድር ከ2027 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሮቦሪዮን እንዲተካ፣ ታናሹም ውድድር በኋላ ወደዚያው እንዲገባ አስታውቋል። ይህን ለሚሰማ የግዥ ሠራተኛ የምንሰጠው ምክር ሁለት ነው። ለውድድር ብላችሁ ስትገዙ በዚያ ዓመት ደንብ የተፈቀደው የትኛው እንደ ሆነ ሳታረጋግጡ ውል አትፈርሙ። ለትምህርት ብላችሁ ስትገዙ ግን አዲሱን እንጠብቅ በማለት ዓመት አታሳልፉ፤ ሣጥን ያረጃል፣ ማየት፣ ማመዛዘን፣ ማዘዝና መልሶ ማየት ግን አያረጅም።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንሂድ።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ዓባይ ጥልቅ ገደሉን ቈፍሮ ከጎጃም ይለያታል፤ በሰሜን የደንቆሮ ጫካና የሳይንት ደጋ አሉ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም በለጋምቦ ብርዳም ሜዳ ላይ ያልፋል። አገሩ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ፣ የበግም አገር ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶቹን ከከፈተ ወዲህ የደጋው ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት የግድ ከአገሩ መራቅ አላስፈለገውም።

ሆኖም በ2015 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቈይቷል። በዚህ ጊዜ የኮምፒዩተር ትምህርት በኢንተርኔት ብቻ ይሰጣል ብሎ ያሰበ ሰው ተስፋው ተሟጦ ነበር። የአዲሱ መቆጣጠሪያ ትልቁ ጥቅም ለእንዲህ ያለው አገር የሚታየው በዚህ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም።

እንዴት ቢባል፣ ሣጥኑ ሲበራ የራሱን ዋይፋይ ይዘረጋል። ይህ ዋይፋይ ከክፍሉ አልፎ ወደ የትም አይሄድም፤ ሥራው ሣጥኑን ከአጠገቡ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ተማሪው በአሮጌ ላፕቶፕ ከዚያ ዋይፋይ ጋር ይገናኝና ተራውን የኢንተርኔት መመልከቻ ይከፍታል፤ የፕሮግራም መጻፊያው ገጽ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከሣጥኑ ከራሱ ይመጣለታል። በገጹ ላይ ትእዛዞቹ እንደ ተገጣጣሚ ሰሌዳ ሆነው ይታያሉ፤ «ሞተሩን አዙር»፣ «ይህ እስኪሆን ድረስ ደጋግም»፣ «ርቀቱ ከዚህ ካነሰ ቁም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሰሌዳዎች እየጎተተ አንዱን ከሌላው ጋር ያገጥማል። ብርቱ የሆነው ተማሪ በዚያው ገጽ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በፊደል መጻፍ ይችላል። የሣጥኑን ሶፍትዌር ማሻሻል ሲያስፈልግ አንድ ሰው ግንኙነት ወዳለበት ከተማ ሄዶ በፍላሽ ቢያመጣው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ከዓለም ተነጥሎም ትምህርቱ ይቀጥላል።

ስለ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። የሮቦቱ ባትሪ ከ12 ቮልት ጋር 3 አምፒር-ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሁለቱን ብናባዛ 36 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህ አንድ ባለ 60 ዋት አምፑል በአንድ ሰዓት ከሚበላው ያነሰ ኀይል ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን በጣራ ላይ የተዘረጋ አንድ መካከለኛ የፀሐይ ሰሌዳ ባትሪውን ሊሞላ ይችላል። ቡድኑ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ባትሪው ሲደክም ሮቦቱ ቀስ ብሎ ብቻ አይሄድም፤ ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ኀይል ሲስቡ ቮልቱ ይወርድና አንጎሉ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ሌሊቱን ሲያርም ያደረ ልጅ ጧት ባትሪውን ለክቶ የሌሊቱን ድካም በከንቱ ያገኘዋል። ስለዚህ ጥሩ መምህር የመጀመሪያ ትምህርቱ «ፕሮግራሙን ከመክሰስህ በፊት ሽቦውንና ባትሪውን ጠይቅ» የሚል ነው።

ስለዚህ ሣጥን ሌላም ልትገነዘቡት የሚገባ ጠባይ አለ፤ ይኸውም መቆምን ማወቁ ነው። የነጂዎቹ ሰሌዳ ወደ ሮቦቱ ዘወትር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ከተቋረጠ ሮቦቱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መሮጡን አይቀጥልም፤ ጥቂት ቅጽበት ጠብቆ ሞተሮቹን ሁሉ ያቆማል። በመካከለኛው ውድድር አንድ ግጥሚያ 30 ሰከንድ ያህል ሮቦቱ ያለ ነጂ በራሱ ፕሮግራም የሚሠራበትና ከዚያ በኋላ 2 ደቂቃ ተማሪዎቹ የሚነዱበት ነው። በሁለቱም ጊዜ «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ከማንኛውም ሌላ ትእዛዝ ይበልጣል። ሥልጣን የሚሰጠው ማንኛውም መሣሪያ አስቀድሞ መቆምን መማር እንዳለበት ልጅ በዚህ ዕድሜው ቢያውቅ፣ ነገ ትልቅ ማሽን ሲሠራ ሰው የማይጎዳ ማሽን ይሠራል።

አንዳንድ አንባቢ ግን በዚህ ላይ ይጠይቀናል። ወንበር በጎደለው ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት በሚነበብበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ሮቦት ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱንም በጥሞና መስጠት ይገባል። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ፣ መምህሩ ደመወዙን አግኝቶ፣ ተማሪው በሰላም ደርሶ የሚመለስበት ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣው የውድድር ዕቃ መሆን የለበትም። በ2005 በኢጣሊያ ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራው «አርዱዊኖ» የተባለው ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከአንድ ትንሽ ሞተርና ከአንድ ሴንሰር ጋር ያንኑ ዙር፣ ማየትን፣ ማመዛዘንን፣ ማዘዝንና መልሶ ማየትን፣ ሊያስተምር ይችላል። በአገራችንም በዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ማዕከሎች፣ በቢሾፍቱ ያለው የፎቃ ማዕከልም ጭምር፣ ከአካባቢያቸው ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችን በእጅ ሥራ እያስተማሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ ያለ የደጋ ትምህርት ቤት ከዚህ ሊጀምር ይችላል፤ የውድድሩን ሣጥን የሚጠይቀው ልጆቹ ለሣጥኑ ሲበቁ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተናገርነው በር እንመለስ።

የማስተማሪያ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ይህ ተገቢ ነው። በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ወደ መምህሩ እጅ መግባት ሲገባው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ንብረት ክፍል ውስጥ ይቀራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መምህሩ ዕቃው ቢሰበር ከደመወዙ እንዳይቈረጥ ይፈራል፣ ንብረት ጠባቂውም በኦዲት ጊዜ ጎደለ እንዳይባል ይፈራል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ውጤቱ ግን ሣጥኑ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ማርጀቱ ነው። ባትሪም ሳይሠራበት ሲቀመጥ ይሞታል።

መድኃኒቱ የሚገኘው በወረቀት ላይ ስለሆነ መድኃኒቱን የምታዙት እናንተ ናችሁ። መቆጣጠሪያውና ላፕቶፑ በቋሚ ንብረትነት ይመዝገቡ። ሽቦው፣ ፊውዙ፣ ብሎኑ፣ ትንሹ ሰርቮ ሞተር ግን እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት በአላቂ ዕቃነት ይያዙ፤ ልጅ ሳይሰብር አይማርምና። መሣሪያው በሳምንት ስንት ሰዓት በተማሪ እጅ እንደ ዋለ የሚጻፍበት መዝገብ ይኑር፤ ተቈጣጣሪም ሲመጣ «ዕቃው አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ዕቃው ሠርቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከአንድ መምህር ይልቅ ሁለት መምህራን ይሠልጥኑ፤ አንዱ ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ። በቡድኑም ውስጥ ፕሮግራም መጻፉ ለወንዶች፣ ማስጌጡና መዝገብ መያዙ ለሴቶች ተብሎ አይከፋፈል፤ ሥራው በተራ ይዙር።

የባለሥልጣን ወረቀት በልጆች ዕድል ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ በ2017ቱ የዋሽንግተን ውድድር ታይቷል። ከአፍጋኒስታን ከሄራት የመጡ ስድስት ልጃገረዶች የነበሩበት ቡድን የዕቃ ሣጥኑ በጉምሩክ ተይዞ ዘገየበት፤ ቪዛም ሁለት ጊዜ ተከለከሉ። በመጨረሻ ሰዓት ተፈቅዶላቸው ደረሱ፤ ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ በሠሩት ሮቦትም ተወዳድረው ስለ ጽናታቸው የብር ሜዳልያ ተሸለሙ። ሮቦታቸውን የያዘው የሜዳው ጠባይ አልነበረም፤ የያዘው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልተፈረመ ወረቀት ነበር፤ የለቀቀውም የተፈረመ ወረቀት ነው።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወንዝ ወዲህ፣ መቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ ዛሬ አለ። ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ግራም እንደሚደርስ ይነገራል። ያ ሁሉ ብረት ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ እዚያ የደረሰው በሺህ በሚቈጠር ሰው ጉልበት ነው። ንጉሡ የተመኙት መድፉን ብቻ አልነበረም፤ መድፍ የሚሠራ እጅ በአገራቸው እንዲበቅል ነበር። ብረቱ በተራራው ላይ ቀረ፤ ማቅለጡንና ማፍሰሱን የሚያውቅ እጅ ግን በአካባቢው ተተክቶ አልቀረም። ዕቃን ማጓጓዝና ዕውቀትን መትከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያ መድፍ ሳይናገር ያስተምራል።

ዛሬ ወደ ደጋው የሚወጣው ሣጥን እንደ ሴባስቶፖል አይከብድም፤ አንድ ሰው በቦርሳው ይዞት ይሄዳል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ብዙ መብራት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚያምነው መምህር፣ የማይፈራ ንብረት ጠባቂና በሥራ መዝገቡ ላይ «ተማሪዎቹ ሠርተውበታል» የሚል መስመር ሲጻፍ ደስ የሚለው ሹም ነው። እነዚህ ሦስቱ ከእናንተ መካከል ይገኛሉ ብለን በማመን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።